ከጅቡቲ የመጣው ራት

ሽሬ ኦብሲዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ተንጋሎ ተኝቶ አያውቅም። አስም ነበረበት፤ ሌሊቱን የሚገፋው ከጀርባው ሁለት ትራስ ደግፎ፣ እንደ ተቀመጠ ነው። የሞተ ዕለት ግን ተንጋሎ አገኘሁት። ሁለቱም ትራሶች ወለሉ ላይ ነበሩ።

የአተኛኘቱን ልማድ የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ሀዎ ትባላለች፤ የቢዮ አዋሌ ገጠር ልጅ ናት፤ ሟቹ በዕድሜ አባቷ ይሆናል። የአምስት ወር ሕፃን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። የመጋላ ሰፈር ሰው እንዳለ ግቢው ውስጥ ገብቶ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ያማል። ጊዜው ነሐሴ 1957 ነው፤ ፍልሰታ ከገባ ሳምንት አልሞላውም። እኔ ሻምበል ይገዙ እባላለሁ። ድሬዳዋ ወንጀል ምርመራ ከተመደብሁ ሦስተኛ ዓመቴ ቢሆንም ሙቀቱን ዛሬም አልለመድሁትም። ሙቀት ሲበዛብኝ ደግሞ ሰው የሚነግረኝን አላምንም።

«ስትወጪ በሕይወት ነበር?»

«ነበር እንጂ! የዒሻ አዛን፣ የማታ ሶላት ጥሪው ሲል፣ ጎረቤቴ ዩሩብ ዘንድ ሄድሁ፤ ለልጅቷ ሆድ እንስላል ልቀበል። ስመለስ እንዲህ ሆኖ ነው።»

«ምን በልቶ ነበር?»

«ከጎረቤት፣ ከዓብዱልአዚዝ ቤት መረቅ መጣለት። የባሕር ሥጋ ነበረበት። አሞቅሁና አበላሁት። እየው ሻምበል፣ አንተ ሽሬን አታውቀውም። እሱ እንዲህ አይተኛም። ትራሱን የጣለ ሰው አለ፣ ወላሂ!»

ድሬዳዋ ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ነገር ብዙ የለም፤ ሻምበልም ሆንህ ጳጳስ፣ «አንተ» ነህ። እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ።

በባትሪ አፉን አየሁት። የታችኛው ከንፈሩ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቋል። በፊት ጥርሶቹ መካከል አንዲት ነጭ የጥጥ ክር ተይዛለች። ክሯን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኋት።

ይህን ጊዜ ማድ ቤቱን ሲፈትሽ የቆየው ሃምሳ አለቃ ሃሺ አንድ ጣሳ ይዞ መጣ። ግማሹ ያለቀ የአይጥ መርዝ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ጣሳውን ሲያይ ልቅሶው ጸጥ አለ፤ ዓይኑ ሁሉ ሀዎ ላይ አረፈ።

*

ዓብዱልአዚዝ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። የሱንና የሽሬን ጓሮ የምታገናኝ አንዲት ትንሽ በር አለች፤ ምግብ የሚላላኩት በዚያች ነው። ሽሬ የሞተ ዕለት፣ ሐሙስ፣ በጅቡቲው ባቡር ላንጉስት መጥቶለት ነበር። በበረዶና በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ባለ ብዙ እግር፣ ሲቀቀል የሚቀላ የባሕር እንስሳ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ስለማንበላ «የባሕር ጊንጥ» እያልን እንስቅበታለን። ለለመደው ግን ከሙክት ይበልጣል ይላሉ።

«እነማን በላችሁት?» አልሁት።

«እኔ፣ ሞሐሙድና ፋራህ። አቶ ድንበሩም ነበረ፤ እሱ ጾመኛ ነው፣ ዳቦና ቴምር አቀረብንለት። ለሽሬ ቀድመን ላክን። በሽተኛ ጎረቤት ሳይቀምስ እኛ እጃችንን አንሰድም።»

«ከመአዱ የተነሣ ሰው አለ?»

«ሳህን ሲቀርብ አዛን አለ። እኔና ሞሐሙድ መስጊድ ሄድን፤ እዚሁ አጠገባችን ነው። ፋራህ ግን ከጅጅጋ ገና መግባቱ ነው፤ መንገድ ላይ መግሪብና ዒሻን አጣምሬ ሰግጃለሁ ብሎ ቀረ። ለመንገደኛ ይፈቀዳል። ስንመለስ የሱ ሳህን ላይ ቅርፊት ብቻ! ‹አቦ፣ ርቦኝ ነው› አለን። ሳቅንበት።»

ፋራህ የሟቹ ሸሪክ ነው፤ ቆዳ የሚጭኑ ሁለት መኪኖች አሉት። ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ ማንም የሚወደው ሰው ነው። እያለቀሰ አነጋገረኝ። ቀኝ እጁ በመሐረብ ታስሯል።

«ምን ነካህ?»

«አይ፣ ላንጉስቱ ነው። እሾህ አለው፤ ስፈለቅቀው ወጋኝ።»

«ሌሎቹ ሲሰግዱ የት ነበርህ?»

«ሳህኔ ላይ! ወላሂ አልተነሣሁም። አቶ ድንበሩን ጠይቀው። እሱ ሲዋሽ ያየ ሰው ካለ ምላሴን ቁረጠው።»

አቶ ድንበሩ የባቡር ጣቢያው የዕቃ ክፍል ሹም ናቸው፤ የፅዋ ማኅበራቸው መሪ፣ ሙሴም ናቸው። ቀጭን፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ጸዓዳ፣ ከሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። «ፋራህ ከመአዱ አልተነሣም» አሉኝ።

«ይምላሉ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሚካኤልን!» አሉ።

የማኅበር ሙሴ በፍልሰታ ከማለ ሌላ ምን ምስክር ይፈለጋል? ፋራህን ከልቤ አወጣሁት።

*

ዓርብ በቀትር የሆስፒታሉ ኬሚስት ሑዳ አስጠራችኝ። አባቷ የመኒ ናቸው፣ እሷ ቤይሩት ተምራ የመጣች ናት፤ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሐኪም የለም። «ከጨጓራው አርሴኒክ አግኝቻለሁ» አለችኝ። ጣሳው ላይ የተጻፈው መርዝም አርሴኒክ ነው።

አዛዣችን ወሬውን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «አለቀ! ወጣት ሚስት፣ ሽማግሌ ባል፣ የአይጥ መርዝ። እሑድ ጠዋት ሐረር ትወሰድ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይያዛት።»

«ጌታዬ፣ ትራሶቹስ? የጥጥ ክሩስ? በዒሻ ሰዓት የነበረውን እየጠየቅሁ ነው።»

«መርዝ ያበላ ሰው በዚያ ሰዓት የት ነበርህ ተብሎ አይጠየቅም፣ ይገዙ! ትራሱን ሲንፈራገጥ ጣለው። ክሩን ነከሰው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

የምፈልገውን አላውቅም ነበር። የማውቀው አስም ያለበት ሰው ሊሞት ሲል ቀና ለማለት እንደሚታገል ነው፤ ለመጋደም አይታገልም።

ሀዎ ጣቢያው ውስጥ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ልጅቷ ቢላን ትባላለች። ሃሺ ላስተርጉም ቢል እጇን አወናጨፈችበት። «አማርኛ እችላለሁ! ሻምበል፣ መርዙን ግዢ ያለኝ ሽሬ ነው፤ አይጥ ቆዳውን በላበት። ከቀፊራ ገበያ መሀል ገዛሁ፣ ዓለም እያየኝ። ባሏን የምትገድል ሴት እንዲህ ታደርጋለች?»

«ጠላት ነበረው?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐጅ ሊሄድ ነበር። ‹በኮንትሮባንድ እጄ ካዕባን አልነካም› ይላል። ሰኞ ጉምሩክ ሄዶ ሁሉን ሊናገር ነበር። ለአንድ ሰውም ነገርሁት ብሎኛል። ‹አብሮኝ የቆሸሸ አብሮኝ ይታጠብ› አለ። ስሙን ግን አልጠራልኝም።»

ልነሣ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ።

«እኔን ከሰቀላችሁኝ ቢላንን ማን ያጠባታል?»

እጅጌዬን አስለቅቄ ወጣሁ። እልህ ያዘኝ፤ በአዛዡም፣ በራሴም፣ በዚያ ጣሳም።

መጀመሪያ የሮጥሁት ሞሐሙድ ዘንድ ነው። ሞሐሙድ ጉምሩክ ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራል። ሽሬ አፉን ቢከፍት እንጀራው ይቆረጣል። የሟቹን ስም ስጠራ ከንፈሩ ደረቀ፤ ሳልጨርስ «አዎ፣ ዓይኔን ጨፍኜለታለሁ» አለ። «ለሐጁ ስል ሁሉን እናገራለሁ ያለህ አንተን ነው?» ስለው «ምን ሐጅ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ገዳዩን ያገኘሁ መሰለኝ። ግን መስጊዱ ውስጥ በፊተኛው ረድፍ፣ ከኢማሙ ጀርባ ቆሞ ሲሰግድ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ አይቶታል። ሌባ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አልነበረም።

*

ቅዳሜ ማለዳ ሑዳ ራሷ ጣቢያ መጣች። ፊቷ ተቋጥሯል።

«ሻምበል፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የአይጥ መርዝ ውስጥ ያለው አርሴኒክ ብቻውን የቆመ ነው፤ ከምንም ጋር አልተሳሰረም። ዚንክና አሲድ ስጨምርበት ብርጭቆ ቱቦዬ ላይ ወዲያው ጥቁር ጥላሸት ይጥላል። ከሀዎ ጣሳ ወስጄ ሞከርሁ፤ ጣለ። ከሽሬ ጨጓራ ወስጄ እንዲሁ ሞከርሁ፤ ምንም የለም።»

«አግኝቻለሁ ብለሽ አልነበረም?»

«ያገኘሁትማ ሥጋውን በጠንካራ አሲድ አቃጥዬ ካጠፋሁት በኋላ ነው። አርሴኒኩ ሆዱ የገባው ከሥጋ ጋር ተሳስሮ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚያስረው ደግሞ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ያ መረቅ ከምን ነበር የተሠራው?»

«ከላንጉስት።»

ሑዳ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሳቀች። ከሐሙስ ወዲህ ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ስማኝ። ባሕር ውስጥ የሌለ ማዕድን የለም፤ ግን በጣም በጣም ጥቂት ነው። እንስሳው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይጠጣል፤ የገባው ሁሉ አይወጣም፣ ሥጋው ውስጥ ይከማቻል። ዛጎል ውስጥ የሚኖረው መዳብ ያጠራቅማል፤ አንዳንዱ አረንጓዴ እስኪሆን። ሻርክ ሜርኩሪ። ላንጉስት አርሴኒክ። እንዳይጎዳው አስሮ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ የበላውንም ሰው አይጎዳም። በሽንት ይወጣል።»

«አዛዡ ይህን ብነግረው ጠበል ሂድ ይለኛል።»

«እንዲያምን የበላተኞቹን ሽንት አምጣልኝ። የነሱንም በአሲድ አቃጥዬ ስሞክር ጥቁር ከጣለ፣ ሁሉም እየበሉ እየጠጡ ከሆነ፣ ሀዎ ማንንም አልመረዘችም። ዛሬውኑ ግን! ነገ ከሰውነታቸው ታጥቦ ያልቃል።» በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «አንድ ያልበላ ሰውም ጨምርልኝ፣ ለማነጻጸሪያ።»

ያልበላ ሰው! ከአቶ ድንበሩ በላይ ያልበላ ማን አለ?

ዓብዱልአዚዝ «በቤቴ መርዝ!» ብሎ ከፎከረ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ ሰጠ። ሞሐሙድ ግራ ቀኙን አይቶ ሰጠ። ፋራህ ጠርሙሱን እያገላበጠ ሳቀ። «ፖሊስ ሽንት መሰብሰብ ጀመረ እንዴ? አቦ ውሰድ፣ ሌላም ከፈለግህ ተመለስ» አለኝ።

ያስቸገሩኝ አቶ ድንበሩ ናቸው።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ሻምበል? አልበላሁም እኮ!»

«ስላልበሉ ነው የፈለግሁዎ።»

«በጾም ሰዓት ይህ ነውር ነው። ስለ ሚካኤል ሌላ ሰው ይፈልጉ።» ግንባራቸው ላብ አቸፈቸፈ። ትልቅ ሰው አፍሮ ነው ብዬ ዞር አልሁላቸው፤ ብዙ ቆይተው ጠርሙሱን ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ የሑዳ ክፍል ውስጥ አራት ብርጭቆ ቱቦዎች ተደርድረው አየሁ። እያንዳንዱ ላይ ስም ተለጥፏል። የዓብዱልአዚዝ ጥቁር ነው። የሞሐሙድ ጥቁር ነው። ሦስተኛውም ጥቁር ነው። አራተኛው እንደ ዝናብ ውኃ ንጹሕ ነው።

«ተባረኪ! ሀዎ ነፃ ናት» አልኋት።

«ስሞቹን አንብብ መጀመሪያ» አለችኝ ሑዳ።

አነበብሁ። ጥቁሩ ሦስተኛ የአቶ ድንበሩ ነው። ንጹሑ የፋራህ።

«ጠርሙስ አሳስተሻል።»

«እኔ ነኝ ያሳሳትሁት?» አለች፤ ዓይኗን አይቼ ፈራሁ። «ከየጠርሙሱ አስቀርቼ ነበር፤ ሁለተኛ ሠርቼዋለሁ። ያው ነው። ጾመኛህ በልቷል። በላተኛህ ጾሟል።»

ስሞቹን ደግሜ አነበብኋቸው። ያ ባዶ ሳህን፣ ያ ቅርፊት፣ ያ «አቦ ርቦኝ ነው» ሁሉ በዓይኔ መጣ። እኔ ሰውን የማላምነው ሰውዬ፣ ነጠላ አይቼ አምኛለሁ።

*

አቶ ድንበሩን የደረስሁባቸው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ለፍልሰታ የሰርክ ጸሎት ሊገቡ ሲሉ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ከግንቡ ሥር ወሰድኋቸው።

«ሐሙስ ምሽት ምን በሉ?»

«ዳቦና ቴምር።»

«አቶ ድንበሩ፣ ላንጉስቱ ሽንትዎ ውስጥ አለ። ባሕሩን ተሸክመውት ነው የሚዞሩት። ፋራህ ውስጥ ግን የለም።»

ምእመናኑ እጅ እየነሡ በአጠገባችን ያልፋሉ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ነገ ጠዋት አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ሐረር ልትወሰድ ነው» አልኋቸው። «ከዚያ ወዲያ ያለውን ያውቁታል። እኔ አዛዤን ስለ መርዙ አሳምነው ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ በትራስ አፍና ገደለችው ይላል። ሌላ የገባ ሰው እንዳለ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሻምበል፣ እኔ የማኅበር ሙሴ ነኝ። ልጆቼን የዳርሁት በዚህ ስም ነው።»

«አውቃለሁ።»

ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ጭራሽ ጠፍቶ ነበር።

«ሽታው ነው። ዐሥር ዓመት ሲበሉት አጠገባቸው ተቀምጬ አሽትቻለሁ። ፋራህ ያውቅብኛል። ሰዎቹ መስጊድ እንደ ሄዱ ሳህኑን ገፋ አደረገልኝ። ‹መጣሁ፣ አንተ ብላልኝ፣ ማንም አያይህም› ብሎኝ በጓሮ በኩል ወጣ። በላሁት፤ ሁሉንም በላሁት። ሲመለስ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ነበር። ተቀመጠና ቅርፊቱን ወደ ራሱ ሳበው። ‹እኔ አልተነሣሁም፤ አንተም አልበላህም› አለኝ።»

«ሽሬ መሞቱን ሲሰሙስ?»

«መርዝ አበላችው ተባለ። እኔም አመንሁ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማመን ፈለግሁ፣ ሻምበል።»

ደወል ተደወለ። እሳቸው ግን ወደ ጸሎቱ አልገቡም፤ ነጠላቸውን አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ተከተሉኝ።

*

ፋራህን መኪኖቹ በሚቆሙበት ግቢ አገኘነው። አቶ ድንበሩን ከበሩ ውጭ አቁሜ ከሃሺ ጋር ገባሁ።

«መሐረቡን ፍታልኝ።»

«ላንጉስቱ ነው አልሁህ እኮ።»

«ፍታው።»

ሃሺ ፈታው። ከትንሹ ጣቱ በታች፣ ከእጁ ጠርዝ ላይ፣ ከላይም ከታችም ግማሽ ክብ የሠሩ ቁስሎች አሉ። ጥርስ እንጂ እሾህ እንዲህ አይወጋም።

«ላንጉስት ይነክሳል ለካ» አልሁት።

«ስበላው ነው የወጋኝ! ዓብዱልአዚዝ ሳህኔን አይቶታል!»

«ሳህንህን አይቷል፤ ስትበላ ግን አላየህም። ያንን እንስሳ የበላ ሰው ሁሉ ሽንቱ ምልክት አሳይቷል። ያንተ ንጹሕ ነው።»

ከልቡ ሳቀ። «በሽንት ሰው ትከሳለህ? አቦ ሂድ ወዲያ! ድንበሩን ጠይቀው፣ እሱ ምሏል።»

«ጠይቄዋለሁ። ደጅ ቆሟል።»

ሳቁ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ ነጩን ነጠላ አየ።

«እሱ አይናገርም» አለ ቀስ ብሎ። «በጾም የበላውን እንዴት አድርጎ...»

ቀሪውን ዋጠው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ሃሺ እንኳ ሰምቶ ካቴናውን አወጣ። ፋራህ የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠና እጁን አገላብጦ አየው።

«ልለምነው ነው የሄድሁት» አለ። «ሰኞ ጉምሩክ እንዳይሄድ። እሱ ካዕባን ሊነካ፣ እኔ ወህኒ ልገባ! ይህ ምን ዓይነት ሐጅ ነው? ሚስቱ የለችም ነበር። ጮኸብኝ፤ ትራሱን ያነሣሁት ዝም እንዲል ነው። ከዚያ ነከሰኝ።»

ጉድ ነው የሰው ነገር። ሲያለቅስ እንባው የእውነት ነበር፤ ሐሙስም የእውነት ነበር መሰለኝ።

*

እሑድ ጠዋት ሐረር የምትሄደው መኪና ጣቢያው ደጅ ቆማ ነበር፤ ፋራህን ጭና ሄደች። አዛዡ የሀዎን መፈታት ሲፈርም አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ከእሱ ይህም ምስጋና ነው።

አቶ ድንበሩ ቃላቸውን ሰጥተው ከጣቢያው በር አጠገብ ቆመዋል። ወሬው በከተማው ተዳርሷል። ከቅዳሴ የሚመለሱ የማኅበራቸው ሰዎች መንገዱን አቋርጠው በወዲያ በኩል ያልፋሉ፤ አንዱም ሰላም አላላቸውም። አሳዘኑኝ፤ ትናንት ተቆጥቼባቸው ነበር፣ ዛሬ አሳዘኑኝ።

ሀዎ ቢላንን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። አቶ ድንበሩ ሲያዩዋት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ቆመች። ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየቻቸው፤ የምትሰድባቸው መስሎኝ ጠጋ አልሁ። ድምፅዋ ግን ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ማወቅ የፈለገች ትመስል ነበር።

«ጣፈጠህ?» አለቻቸው።

አቶ ድንበሩ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ማዞር ጀመሩ። ሀዎ መልሱን ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ የልጅቷን ማዘያ አጥብቃ ወደ መጋላ ሄደች።